የእድር መዝገብን አፕ ከማድረግ በፊት፦ ሺቱ እንዴት ይዘጋጅ?

ብዙ እድሮች የአባላት መዝገባቸውን ከደብተር ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ጉግል ሺት አዙረዋል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ፍላጎት ግልጽ ነው፦ ገንዘብ ሰብሳቢው ስልኩን ከፍቶ አንድ አባል የስንት ወር እዳ እንዳለበት ወዲያው ይይ፣ ሲቀበልም እዚያው ይመዝግብ። ይህ ይቻላል። አፕሺት የተባለው መሣሪያ ኮድ ሳይጻፍ ከሺት ላይ አፕ ያወጣል። ጉግል በ2020 እ.ኤ.አ. ገዝቶታል፤ አሁን ከጉግል ሺት ሜኑ ውስጥ በቀጥታ ይከፈታል። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ የተመዘገበውን ስልኩ ላይ ይዞ ይቆይና መስመር ሲመለስ ይልከዋል።

አፑን ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጊዜ የሚወስደው ሺቱን ማሰናዳት ነው፤ እዚህ ላይ የታለፈ ስህተት ኋላ በአባላት ገንዘብ ላይ ይወጣል። ለዓይን የተሠራ ሺትና ለአፕ የሚሆን ሺት ይለያያሉ። ሰው ቢጫው ሴል «ከፍሏል» ማለት እንደሆነ፣ ላይኛው ደማቅ ጽሑፍ ርእስ፣ ታችኛው ቁጥር ድምር እንደሆነ ያውቃል። አፑ የሚያውቀው ረድፍና አምድ ብቻ ነው። ቀለሙን አያይም፤ «ጠቅላላ ድምር» የሚለውን ረድፍ ደግሞ ስሙ «ጠቅላላ ድምር» የሆነ አባል አድርጎ ይዘረዝረዋል።

ለምሳሌ 150 አባላት ያሉት፣ በወር 100 ብር የሚያዋጣ እድር እንውሰድ። መዝገቡ የተለመደው ዓይነት ነው፦ በግራ ተራ ቁጥርና ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ ስልክ፣ ከዚያ ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 አምዶች፣ መጨረሻ ላይ ድምርና ምርመራ።

ቀለምና ማስታወሻ መጀመሪያ

ከ«ፋይል» ሜኑ «ሜክ ኤ ኮፒ» ብላችሁ ሥራውን በሙሉ በቅጂው ላይ ሥሩ። ዋናው መዝገብ ኋላ ድምር ለማመሳከር ስለሚያስፈልግ አንድ ሴል እንኳ አይነካ።

ቅጂውን ስታጸዱ ቀለምን መጀመሪያ አታጥፉ፤ ብዙ ጊዜ ቀለም ብቻውን መረጃ ይዟል። ቢጫው «በኋላ እከፍላለሁ ያለ»፣ ቀዩ «ከእድሩ የወጣ»፣ የተሰረዘው ስም «ያረፈ» ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙን የሚያውቀው ጸሐፊው ነውና እሱን ወይም እሷን አስቀምጣችሁ ጠይቁ። ከዚያ «ሁኔታ» የሚል አምድ ጨምሩ። «ዳታ» ሜኑ ውስጥ «ክሪኤት ኤ ፊልተር» በሉ፣ የአምዱን ቀስት ነክታችሁ «ፊልተር ባይ ከለር»፣ ቀጥሎ «ፊል ከለር» ብላችሁ አንዱን ቀለም ምረጡ። የሚቀሩት ረድፎች ላይ «የወጣ» ወይም «ያረፈ» ብላችሁ ጻፉ። በሴል ጥግ የተለጠፉ ማስታወሻዎችንም ወደ አንድ «ምርመራ» አምድ ገልብጡ፤ አፑ እነዚያንም አያነብም።

አሁን የተረፈውን አስወግዱ። የተዋሃዱ ሴሎች ይፈቱ፤ አንድ የቤተሰብ ኃላፊ ስም ለአራት ረድፍ ተዋህዶ ከነበረ ሲፈታ ስሙ ላይኛው ረድፍ ላይ ብቻ ይቀራል፣ የቀሩትን ሦስቱን በእጅ ሙሉ። ከላይ ያለው የእድሩ ስምና ዓመተ ምሕረት ይውጣ፤ የመጀመሪያው ረድፍ የአምዶቹ ስም መሆን አለበት። በመሃል ያሉ ባዶ ረድፎች፣ በየገጹ የተደጋገሙ ርእሶች፣ የታችኛው ድምር፣ ጎን ላይ የተጻፈው የኮሚቴ ስም ዝርዝር ሁሉ ይውጡ። የኮሚቴው ዝርዝር ካስፈለገ የራሱ ታብ ይኑረው።

የአምዶቹ ስም አጭርና የማይደገም ይሁን። በአማርኛ መሆኑ ችግር የለውም፤ ግን ቀመር ስትጽፉ ስሙ ፊደል በፊደል መመሳሰል ስላለበት «ሁኔታ»ን አንዴ በ«ሁ» አንዴ በ«ሑ» ከጻፋችሁ አፑ አላገኘሁትም ይላል። ከአማርኛ ፊደልና ከሰረዝ ውጪ ያለ ምልክት፣ በተለይ የማዕዘን ቅንፍና የጥቅስ ምልክት፣ አትጨምሩ።

አንድ ታብ፣ አንድ ነገር

ይህ መዝገብ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ይዟል፦ አባላትን፣ ቤተሰባቸውንና ክፍያን። ለእያንዳንዱ የራሱ ታብ ይሰጠው።

«አባላት» ታብ ላይ አንድ ረድፍ ማለት አንድ አባል ነው። መለያ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ፣ ሁኔታ፣ የገባበት ዓመት፣ የገባበት ወር። ስሙን በሦስት አምድ መክፈሉ ዋጋ አለው፤ በአባት ስም መፈለግም መደርደርም የሚቻለው ያኔ ነው። «ወ/ሮ»፣ «አቶ»፣ «ሃምሳ አለቃ» የሚሉትን በራሳቸው «ማዕረግ» አምድ ውስጥ አስገቡ፤ ከስሙ ጋር ከተጣበቁ ስም ሲደረደር አቶዎች ሁሉ ለብቻ ይሰለፋሉ።

«ቤተሰብ» ታብ ለእድር ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የሐዘን ክፍያ የሚወሰነው በዝምድናው ነውና። አሮጌው ሺት «ልጅ 1»፣ «ልጅ 2»፣ «ልጅ 3» እያለ በአምድ ይሄዳል፤ አራተኛ ልጅ ሲመጣ ቦታ ያልቃል። በአዲሱ አንድ ረድፍ አንድ የቤተሰብ አባል ይሁን፦ የራሱ መለያ፣ የአባሉ መለያ፣ ስም፣ ዝምድና፣ ሁኔታ። ዝምድናው ከዝርዝር የሚመረጥ ይሁን፤ መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ የተጻፈው ቃል ራሱ ይግባ፣ ከዚያ ውጪ አይፈቀድ።

ክፍያን ከታች ለብቻው እናየዋለን።

መለያው የማይለወጥ መሆን አለበት

አፑ አንድን ረድፍ ከሌላው የሚለየው በመለያው ነው፤ ባለሙያዎች «ኪይ» የሚሉት። ተስማሚ አምድ ካላገኘ አፕሺት የረድፉን ቁጥር ራሱን መለያ አድርጎ ይወስዳል። ከዚያ አንድ ሰው ሺቱን በፊደል ተራ ሲደረድር ወይም አንድ ረድፍ ሲሰርዝ ከታች ያሉት ሁሉ ማንነታቸው ይቀያየራል፣ የአንዱ ክፍያ የሌላው ይሆናል።

ስም መለያ አይሆንም፤ ተመሳሳይ ስም አለ፣ ስም ይታረማል። ስልክም አይሆንም፣ ይቀየራል። የደብተሩ የአባልነት ቁጥር ጥሩ ይመስላል፤ ግን ባል ሲያርፍ ቁጥሩ ወደ ሚስት የሚተላለፍበት እድር ብዙ ነው። ያኔ አንድ ቁጥር ሁለት ሰው ይወክላል። ስለዚህ የአባልነት ቁጥሩ እንደ ማንኛውም አምድ ይቀመጥ፣ መለያው ግን ሌላ ይሁን።

ላሉት 150 አባላት የመጀመሪያው ሴል ላይ «አባ-0001» ብሎ ጽፎ ጥጉን ይዞ ወደ ታች መጎተት ይበቃል። ፊደሉ ከፊት መኖሩ ሺቱ ቁጥር ነው ብሎ ዜሮዎቹን እንዳይጥል ይከላከላል። መለያውን በቀመር አታውጡ። በተለይ «ራንድ» (የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው) ባለበት ቀመር የወጣ መለያ ሺቱ በተነካ ቁጥር ይቀየራል፤ ትናንት የተመዘገበው ክፍያ ዛሬ ባለቤት ያጣል። በቀመር ያወጣችሁ ከሆነ አምዱን ኮፒ አድርጋችሁ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ ዋጋውን ብቻ፣ ማለትም ቀመሩን ትታችሁ ውጤቱን፣ መልሳችሁ ለጥፉት።

ለሚመጡት አዳዲስ ረድፎች አፑ ውስጥ «ኢኒሻል ቫልዩ» በሚለው ቦታ «ዩኒክአይዲ» የተባለውን አስገቡ፤ 8 ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለበት መለያ ያወጣል። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ከስምንቱ ሰባቱ አሃዝ ሆነው መሃል ላይ «ኢ» የምትባለው የላቲን ፊደል ብቻ ከገባች ጉግል ሺት በሳይንሳዊ አጻጻፍ የተጻፈ ቁጥር ነው ብሎ ይለውጠዋል፣ መለያውም ይበላሻል። ሁልጊዜ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ምክንያቱን ማግኘት ከባድ ነው። መድኃኒቱ የመለያውን አምድና መለያውን የሚጠቅሱትን አምዶች በሙሉ አስቀድሞ «ፎርማት»፣ «ነምበር»፣ «ፕሌይን ቴክስት» ማድረግ ነው።

«ከመጨረሻው ቁጥር ላይ አንድ ደምር» የሚለውን ዘዴም ተዉት። ሁለት ሰብሳቢዎች ኔትወርክ በሌለበት በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍያ ቢመዘግቡ ሁለቱም 1801 ይላሉ።

12ቱን ወር መገልበጥ

ከዝግጅቱ ሁሉ አድካሚውም አስፈላጊውም ይህ ነው። ወሮቹ በአምድ ከቀሩ አፑ «ማን አልከፈለም» የሚለውን ለማወቅ 12 አምድ አንድ በአንድ መጠየቅ አለበት፤ ዓመቱ ሲለወጥ ደግሞ ሌላ 12 ይጨመራል። ከዚህ የከፋም አለ። አፕሺት ሁለት ሰዎች አንድን ረድፍ በየስልካቸው ሲያርሙ ኋላ የደረሰውን ይዞ የቀደመውን ይሽራል። አንዱ ሰብሳቢ የጥቅምትን፣ ሌላው የኅዳርን በአንድ አባል ረድፍ ላይ ከጻፉ አንዱ ክፍያ ሊጠፋ ይችላል። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ረድፍ ሲኖረው ግን የሚጨመር እንጂ የሚታረም ነገር ስለሌለ ይህ አይደርስም። «ቀሪ እዳ» የሚል በእጅ የሚሞላ አምድም በዚሁ ምክንያት አይኑር።

የ«ክፍያ» ታብ አምዶች፦ የክፍያ መለያ፣ የአባሉ መለያ፣ ዓመት፣ የወር ቁጥር፣ ዓይነት፣ መጠን፣ የተከፈለበት ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ተቀባይ። ዓመትና ወርን ለየብቻ ያስቀመጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «2017-01» ብላችሁ በአንድ ሴል ብትጽፉ ሺቱ በፈረንጆች አቆጣጠር የጃንዋሪ 2017 ቀን ያደርገዋል። የወሩን ስም የምታሳዩት 13 ረድፍ ካለው ትንሽ የ«ወራት» ታብ ነው፤ ተራውም ያኔ ከመስከረም ይጀምራል እንጂ በፊደል ከሐምሌ አይጀምርም።

ከመገልበጣችሁ በፊት የወር ሴሎቹን አንድ ወጥ አድርጉ። «ከፍሏል» ወይም የራይት ምልክት ያለበት 100 ይሁን። «100 ብር» የሚል ጽሑፍ ቁጥር ስላልሆነ አይደመርም፣ «ብር»ን በ«ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» አጥፉ። «150፣ 50 መቀጫ» የሚል ካለ ወሩ ላይ 100 ትታችሁ 50ውን ለብቻ ያዙት፤ ኋላ «መቀጫ» በሚል ዓይነት የራሱን ረድፍ ያገኛል። ለስድስት ወር በአንድ ጊዜ የከፈለ ሰው 600 ብር አንድ ሴል ላይ ተጽፎለት ሌሎቹ አምስት ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በየወሩ 100 አከፋፍሉት። ዓይናችሁ እንዳያልፈው አምዱን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድራችሁ ከ100 በላይ ያለውን ሁሉ እዩ።

መገልበጡን በኤክሴል ከሠራችሁ ቀላል ነው፦ መለያውንና 12ቱን ወር ብቻ የያዘውን ሠንጠረዥ ወደ ፓወር ኩዌሪ (ኤክሴል ውስጥ ያለ የመረጃ ማሰናጃ) አስገቡ፣ የመለያውን አምድ ምረጡ፣ «አንፒቮት አዘር ኮለምስ» በሉ፤ ባዶዎቹን ራሱ ይጥላል። በጉግል ሺት «ፍላተን» እና «ስፕሊት» የተባሉትን በ«አሬይ ፎርሙላ» ውስጥ ማጣመር ያስፈልጋል፦ መለያውን፣ የወሩን ቁጥርና መጠኑን በመሃል አንድ ቀጥ ያለ መስመር እያስገባችሁ አጣብቁ፣ በፍላተን አንድ አምድ አድርጉ፣ በስፕሊት መልሳችሁ ሦስት አምድ አድርጉ። መጠኑ መጨረሻ ላይ ይሁን። ስፕሊት በተለመደው አሠራሩ ባዶ ክፍልን ይዘላል፤ ባዶው መሃል ላይ ከሆነ ቀሪው ወደ ግራ ይገፋል፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን ምንም አይዛባም። ቀመር የሚከብደው ሰው 12 ጊዜ ኮፒና ፔስት ቢያደርግም ያው ነው፦ የመለያውን አምድ፣ የወሩን ቁጥር፣ የወሩን መጠን፣ ከሥሩ ቀጣዩን ወር።

ከዚያ መጠኑ ባዶ የሆነውን ረድፍ ሁሉ ሰርዙ። ያልተከፈለ ወር ረድፍ የለውም። ሁሉም አባል ሁሉንም ወር ቢከፍል በዓመት 1,800 ረድፍ ይሆናል፤ በ9 አምድ 16,200 ሴል ማለት ነው። ጉግል ሺት እስከ 10 ሚሊዮን ሴል ስለሚይዝ ለረጅም ዓመት አያሳስብም።

ማመሳከሩን አትዝለሉ። በአሮጌው መዝገብ የእያንዳንዱን ወር ድምር፣ በአዲሱ ደግሞ በ«ሰሚፍ» የዚያን ወር ቁጥር ድምር ጎን ለጎን አድርጉ። ያስተካከላችሁት ሁሉ በምክንያት የሚለያይ ስለሆነ ልዩነቱን ጻፉት፤ የዓመቱ ጠቅላላ ግን ከመቀጫው ጋር እስከ ሳንቲሙ መግጠም አለበት። ካልገጠመ አትቀጥሉ።

መዋጮው በመሃል ከ50 ወደ 100 ብር አድጎ ከሆነ «ተመን» የሚል ታብ ክፈቱና ከየትኛው ዓመትና ወር ጀምሮ ስንት እንደሆነ አስገቡ። የእዳ ስሌት ያለዚህ የድሮውንም ዓመት በ100 ያሰላዋል።

የእኛ ቀን

ኤክሴልም ጉግል ሺትም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ቀን ብለው አይቀበሉም። ክፉው ነገር ሁልጊዜ እንቢ አለማለታቸው ነው። ቀን በሚቀድምበት አቀማመጥ 12/02/2017 ብላችሁ ጥቅምት 12ን ስትጽፉ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017 አድርጎ ይቀበላል። 30/02/2017 ስትሉ ግን ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ አንዱ አምድ ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። ሺቱ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ከሆነ ደግሞ ጳጉሜ 5ን 05/13/2016 ብላችሁ ስትጽፉ ሜይ 13 ይለዋል።

አቀማመጡን «ፋይል»፣ «ሴቲንግስ»፣ «ሎካል» ላይ ታገኙታላችሁ። አፕሺት ውስጥም በየሠንጠረዡ እንዲሁ ዓይነት ምርጫ አለ፤ ሁለቱ አንድ ካልሆኑ ከ12 በታች ያሉ ቀኖች ከወሩ ጋር ይለዋወጣሉ፣ ከ12 በላይ ያሉት ደህና ስለሚመስሉ ስህተቱ ቶሎ አይታይም።

የሚሠራው መንገድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈውን ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት አምድ ከፍሎ በአራተኛው አምድ ወደ ፈረንጅ ቀን መለወጥ ነው። ጽሑፍ የሆኑት ሴሎች በጭረቱ ይከፈላሉ። ሺቱ ቀን ብሎ የወሰዳቸው ግን «ዴይ»፣ «መንዝ»፣ «ዪር» በሚሉት ይወጣሉ፤ አቀማመጡ የአሜሪካ ከነበረ «መንዝ» የሚሰጣችሁ ቀኑን፣ «ዴይ» ደግሞ ወሩን ነው። ከዚያ ስሌቱ ይህ ነው፦

365 × ዓመት + የዓመቱ አንድ አራተኛ ቀሪው ተጥሎ + 30 × ወር + ቀን − 691194

ቀሪውን ለመጣል «ኢንት» ተጠቀሙ። ውጤቱ ሺቱ ቀንን የሚቆጥርበት ተራ ቁጥር ነው፤ ፎርማቱን «ዴት» ስታደርጉት የፈረንጁ ቀን ይወጣል። በጥምቀት እንፈትነው፦ ጥር 11 ቀን 2017። 736,205 ሲደመር 504፣ ሲደመር 150፣ ሲደመር 11 ይሆናል 736,870። 691,194 ሲቀነስ 45,676፤ ይህም ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው። ጳጉሜ 13ኛ ወር ሆና ትገባለች፣ ልዩ ሕግ አያስፈልጋትም። ሠግር ዓመትንም (ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆንበትን) ያው አንድ አራተኛው ይይዘዋል።

አፑ ለመደርደርና ለማጣራት በፈረንጁ ቀን ይሠራል። አባሉ ደረሰኙ ላይ የሚያየውን የእኛን ቀን በጽሑፍ አምድ አስቀምጡለት፤ ሰው በለመደው ቀን እዳውን ማየት መብቱ ነው።

ስልክና ረጃጅም ቁጥሮች

0911 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ተራ ሴል ላይ ሲገባ ዜሮው ይወድቃል፤ +251 ሲጻፍም መደመሪያው ይጠፋል። አምዱን ከመጻፋችሁ በፊት «ፕሌይን ቴክስት» አድርጉት፤ በኋላ ማድረጉ የወደቀውን ዜሮ አይመልስም።

የወደቀውን ለመመለስ በመጀመሪያ ክፍተትና ሰረዙን በ«ሰብስቲቲዩት» አጥፉ፣ ከዚያ በ«ራይት» ከቀኝ 9 አሃዝ ወስዳችሁ ፊቱ ላይ 0 ጨምሩ። ቁጥሩ በ09፣ በ07፣ በ251 ወይም ያለ ዜሮ ተጽፎ ቢሆን ሁሉም አንድ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ በፊት ግን የውጭ ቁጥሮችን ለዩ። የወላጆቹን መዋጮ ከአሜሪካ የሚልክ ልጅ ስልክ ከአገሩ ቁጥር 1 ሌላ 10 አሃዝ አለው፤ ይህ ቀመር አንዱን ቆርጦ ይጥልበታል። አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ስልክ ካለ በ«ሌን» ርዝመቱን ለክታችሁ ከ13 በላይ የሆነውን ፈልጉና በሁለት አምድ ክፈሉት።

የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ጽሑፍ ይሁን። የንግድ ባንክ 13 አሃዝ በኤክሴል ተራ ሴል ላይ በሳይንሳዊ አጻጻፍ አጥሮ ይታያል፤ ያ መልኩ ወደ ሌላ ፋይል ከተላከ እውነተኛው ቁጥር አይመለስም። 16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ካርድ ቁጥር ደግሞ ጨርሶ ይበላሻል፤ ሺት የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻው ዜሮ ይሆናል። ለነገሩ እድር የፋይዳ ቁጥር የሚያስፈልገው ምክንያት ከሌለ ባይሰበስብ ይሻላል።

አንድ ስም፣ ብዙ ፊደል

ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለእኛ አንድ ስም ናቸው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ናቸው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ አላቸው። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አባል በ«ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ» የማይያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰውን ስም ግን አታርሙ። አባሉ መታወቂያው ላይ የተጻፈው ፊደል ይቆይ። ይልቁንም «መፈለጊያ» የሚል ረዳት አምድ ጨምሩና ስም ከነአባት እዚያ ውስጥ በተደራረበ «ሰብስቲቲዩት» ወደ አንድ ፊደል ይምጣ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ በሰባቱም እርከን። ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አም ይጨመሩ። ይህን አምድ በ«ካውንቲፍ» ስትቆጥሩ ከአንድ በላይ የሚሆነው ይወጣል። ያኔም ራሳችሁ አትሰርዙ፤ ስልኩንና የአያት ስሙን እዩ፣ ጸሐፊውን ጠይቁ። አንድ ሰፈር ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች መኖራቸው የተለመደ ነው። ረዳት አምዱን ከሥራው በኋላ አታጥፉት፤ ወደ ዋጋ ቀይራችሁ ተዉት፣ አፑ ውስጥ ሲፈለግ ይጠቅማል።

ከቴሌግራም ወይም ከወርድ የተገለበጠ ስም ከኋላው የማይታይ ክፍተት ይዞ ይመጣል። ጉግል ሺት ላይ «ዳታ»፣ «ዳታ ክሊንአፕ»፣ «ትሪም ዋይትስፔስ» ብዙውን ያጸዳል። የኤክሴሉ «ትሪም» ግን ኮዱ 160 የሆነውን ክፍተት አይነካም፤ እሱን በሰብስቲቲዩት ለብቻ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ክፍለ ከተማን የመሰለ አምድ በዝርዝር ይታሰር። አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተማ አላት፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶን ብቻ ግን በአንድ ሺት ላይ በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ማግኘት ይቻላል። «ዳታ ቫሊዴሽን» አብሩና ከዝርዝሩ ውጪ ያለውን «ሪጀክት» በሉ።

ወደ አፑ

ከመክፈታችሁ በፊት ቀመሮቹን ሁሉ ወደ ዋጋ ቀይሩ። እስከ 1000ኛው ረድፍ የተጎተተ ቀመር ወይም አስቀድሞ የተሰመረ ቼክቦክስ ካለ አዲሱ ክፍያ 1001ኛው ረድፍ ላይ ሄዶ ይቀመጣል፤ ባዶ የሚመስለው ሴል ባዶ አይደለምና። ለስብሰባ የሚቀርበው የድምር ሪፖርት በሌላ ታብ ይሠራ፣ ያን ታብ አፑ ውስጥ አታስገቡት።

«ኤክስቴንሽንስ»፣ «አፕሺት»፣ «ክሪኤት አን አፕ»። መሣሪያው የየአምዱን ዓይነት ገምቶ ይሞላል፤ ግምቱን አትመኑ። መለያው በትክክል «ኪይ» መባሉን፣ ስልክ «ፎን»፣ መጠን «ፕራይስ»፣ ዓመት ደግሞ «ነምበር» መሆኑን እዩ። በክፍያና በቤተሰብ ታብ ያለው የአባሉ መለያ «ሬፍ» ይሁንና ወደ «አባላት» ያመልክት፤ ይህ ሲሆን አባሉን ስትከፍቱ ክፍያዎቹ ከሥሩ ይዘረዘራሉ፣ የከፈለው ድምርም በአንድ ቀመር ይወጣል። የአባሉ «ሌብል» ስሙ እንጂ መለያው አይሁን፤ ሰብሳቢው «አባ-0073» ማን እንደሆነ ማስታወስ የለበትም። የደረሰኝ ፎቶ ከፈለጋችሁ ባዶ አምድ ብቻ አዘጋጁ፤ አፑ ፎቶውን ድራይቭ ላይ አስቀምጦ ሴሉ ላይ የፋይሉን አድራሻ ይጽፋል። በእጅ ሴል ውስጥ የተለጠፈ ፎቶ አይታየውም።

ለሰብሳቢዎች የክፍያ ታብ ላይ መጨመር ብቻ ፍቀዱ፣ ማረምና መሰረዝ አትፍቀዱ። የተሳሳተ ክፍያ በተቃራኒ መጠን (ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ባለው) አዲስ ረድፍ ይታረም፤ ማን መቼ እንዳስተካከለ ይታያል። የሺቱ መዳረሻ ለጸሐፊውና ለሒሳብ ሹሙ ብቻ ይሰጥ። የቤተሰብ ስምና ስልክ የያዘ ፋይል በቴሌግራም ግሩፕ ሊንኩ ሊዞር አይገባም።

ከዚህ በኋላ አምድ ስትጨምሩ፣ ስሙን ስትቀይሩ ወይም ቦታውን ስታዛውሩ አፕሺት ውስጥ ገብታችሁ «ሪጄኔሬት» በሉ፤ ካላላችሁ ሠንጠረዡ አይገጥምም ብሎ ሰብሳቢዎች መላክ ያቅታቸዋል። የታቡን ስም አትንኩ።

መዝገቡን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት በሁለት ስልክ ፈትኑት። ሁለቱንም ከኔትወርክ አውጡ፣ በሁለቱም ለአንድ አባል አንድ አንድ ክፍያ መዝግቡ፣ አንዱን አገናኙ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሺቱ ላይ ሁለት አዲስ ረድፍ፣ ሁለት የተለያየ መለያ፣ ትክክለኛ ቀንና ከነዜሮው የቆመ ስልክ ካያችሁ የሙከራ ረድፎቹን ሰርዛችሁ በሚቀጥለው የክፍያ ቀን ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ደብተሩም ጎን ለጎን ይሞላ፣ ወሩ ሲዘጋ ድምሩ ከሺቱ ጋር ይተያይ።